«ልጄ ኮሌጅ ተቀብሏት አንድ አመት ልቆይ አለችኝ» እና ሌሎች የአንባቢዎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ከስቴት ውጪ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ተቀብሏታል፣ በአመት 14,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጥተዋታል፣ በገቢያችን የሚሰጥ እርዳታም ጨምረውላታል፣ ዲፖዚቱንም ከፍለናል። ባለፈው ሰሞን ግን ማሚ ለአንድ አመት ዲፈር ላርገውና በሚቀጥለው አመት ልግባ አለችኝ፣ ደርቄ ነው የቀረሁት። ለምን ስላት አንዴ ደክሞኛል ትላለች፣ አንዴ አዲስ አበባ ሄጄ ከእማማ ጋር ልቀመጥ አማርኛዬን ላሻሽል ትላለች፣ አንድ ማታ ደሞ «ዳዲ እንደዚህ ሆኖ እኔ እንዴት ትቼ ልሂድ» ብላ አለቀሰች። አባቷ ኡበር ነበር የሚሰራው፣ ባለፈው ህዳር የጀርባ ኦፕራሲዮን ካደረገ ወዲህ ግን ብዙ መቀመጥ አይችልም፣ ስራው ከግማሽ በታች ወርዷል። እሱ ይሄን ሲሰማ አንዴ ካቆመች አትመለስም፣ እኔ እዚህ ሀገር የመጣሁት ለዚህ አይደለም ብሎ ካኮረፈ ቆየ። እህቴ ደሞ ጊዜዋ ዝም ብሎ እንዳይሄድ እዚሁ ያለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅ፣ ሁለት ሶስት ክላስ ትውሰድ ትላለች። ለምረቃዋ አዳራሽ ይዘናል፣ ቤተክርስቲያን ያገኘኝ ሰው ሁሉ የት ገባች ነው የሚለኝ። ቦታዋን ታጣለች ወይ? ገንዘቡስ ምን ይሆናል? ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?

መልስ፦ እናት አይዞዎት፣ ልጅዎ ምንም የሚያሳፍር ነገር አልጠየቀችም። ሶስቱንም እመልሳለሁ፣ ግን ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም እሱ ሳይታወቅ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ወረቀት ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ልጅዎ የሰጠችው ምክንያት አንድ አይደለም፣ ደክሞኛል አለች፣ አዲስ አበባ ልሂድ አለች፣ ስለ አባቷ አለቀሰች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ አራት አመት ኤፒ ክላስ (ከበድ ያለ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ና ስራ እያለች የሮጠች ልጅ አረፍ ብላ ከአያቷ ጋር ልሁን ብትል በጣም ጤናማ ነገር ነው። ሶስተኛው ግን ሌላ ነው። ሶስተኛው የገንዘብና የሀሳብ ሸክም ነው፣ እና እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሌላውን ስታወራ አላለቀሰችም።

አንድ ነገር ልጠይቆት፣ ፋፍሳውን፣ የመንግስት የኮሌጅ እርዳታ የሚጠየቅበትን ፎርም ማለቴ ነው፣ ማነው የሞላው? በኛ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ ራሷ ናት። የአባቷን ታክስ ወረቀት ከፍታ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያስገባችው እሷ ናት፣ ሆስፒታልም ሄዳ ዶክተሩ ያለውን ለእናንተ ያስተረጎመችው እሷ ልትሆን ትችላለች፣ የኢንሹራንሱን ቢል ስልክ ደውላ የተከራከረችውም እንደዛው። እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ ስንት ብር እንዳለና ስንት እንደጎደለ ከኛ በላይ ያውቃሉ፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ይሄ ያንቺ ሸክም አይደለም ብሏቸው አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ አባቷም እህትዎም በሌሉበት፣ እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ «አባትሽ ጤነኛ ሆኖ ሙሉ ቀን እየሰራ ቢሆን ኖሮ አሁንም ትቆዪ ነበር?» መልሱን ዝም ብለው ይስሙት፣ አያቋርጧት። «አዎ» ካለች ደክማለች፣ ማረፍ ነው የፈለገችው፣ ይፍቀዱላት። «አይ እሄድ ነበር» ካለች ግን ችግሩ ዲፈር በማረግ አይፈታም፣ ሌላ መንገድ አለው፣ እሱን አሁን እነግሮታለሁ።

ለ2026-27 የትምህርት ዘመን የሞላችሁት ፋፍሳ የሚያየው የ2024 ታክስ ነው። በ2024 ደሞ ባለቤትዎ ሙሉ ቀን ይነዱ ነበር። ኮሌጁ እርዳታውን የሰራው የዛሬ ሁለት አመት የነበረውን ቤታችሁን አይቶ ነው ማለት ነው፣ ኦፕራሲዮኑን አያውቅም፣ ካልነገሩትም አያውቅም። ለዚህ ነገር ህጉ ራሱ በር አለው፣ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ኦፊስ ገቢያችን ተቀይሯል ብሎ ማስረጃ ያመጣ ቤተሰብን ጉዳይ አይቶ ቁጥሩን ማስተካከል ይችላል። ኦፊሱ ጋ ደውላችሁ ወይ ኢሜል ልካችሁ የቤተሰብ ገቢ ስለቀነሰ እርዳታው እንደገና እንዲታይልን እንፈልጋለን ፎርሙን ላኩልን ነው የምትሉት፣ አብዛኛው ኮሌጅ ለዚህ የራሱ ፎርም አለው። ከዛ የሀኪም ደብዳቤ፣ የኦፕራሲዮኑ ቀን የሚታይበት ወረቀት፣ ከኡበር የሚመጣው 1099 የሚባለው የአመት ገቢ ወረቀት፣ በዚህ አመት በየወሩ ያገኙትን የሚያሳይ ነገር፣ ከኢንሹራንስ የተረፈ የህክምና ቢል ካለ እሱንም ያያይዙ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፣ ድሮ በወር ይሄን ያህል ይገባ ነበር አሁን ይሄን ያህል ነው ምክንያቱ ይሄ ነው በቃ። ብዙ አበሻ ይሄን ልመና ስለሚመስለው ያፍራል፣ ልመና ግን አይደለም፣ በየአመቱ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት መደበኛ አሰራር ነው። ሁሌ እሺ ይላሉ አልልም፣ ውሳኔው የነሱ ነው፣ ግን ሳይጠይቁ አንድ አመት ከማቆም ጠይቆ መልሱን ማየት ይሻላል።

አንድ አመት ሰርቼ ላግዛችሁ የሚል ሀሳብ ካላት ደሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የሜሪላንድ ስቴት ዝቅተኛው ክፍያ በሰአት 15 ዶላር ነው፣ የናንተ ካውንቲ ከዛ ከፍ ቢልም በ15 ብናሰላው፣ ሙሉ አመት ሙሉ ጊዜ ብትሰራ ታክስ ሳይቆረጥ 31,000 ገደማ ነው፣ ከሱ ላይ ታክስና ትራንስፖርት ምናምን ሲወጣ እጇ ላይ የሚቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ስኮላርሺፑ ደሞ በአመት 14,000 ከሆነ በአራት አመት 56,000 ነው። ዲፈር አርጋ ያ ስኮላርሺፕ ቢቀር አመቱን ሙሉ ሰርታ ካገኘችው በላይ ነው የምታጣው። ለዛ ነው ስኮላርሺፑ እንደሚጠበቅላት በጽሁፍ ሳይነገራት ምንም አይነት ውሳኔ አትወስኑ የምለው።

አሁን ወደ ቦታዋ። ዲፈር ማረግ በኮሌጁ ፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው፣ አንዳንዱ በደስታ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ለህመም ወይ ለውትድርና ወይ ለሀይማኖት አገልግሎት ካልሆነ አይፈቅድም፣ በተለይ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ጠበቅ ይላሉ። ሃርቫርድ ለምሳሌ የተቀበላቸውን ልጆች አንድ አመት ቆይታችሁ ብትመጡ ጥሩ ነው ብሎ ራሱ ሲያበረታታ የኖረ ትምህርት ቤት ነው፣ የፕሬዚዳንት ኦባማ ትልቋ ልጅ ማሊያም በ2016 ሃይስኩል ጨርሳ አንድ አመት ቆይታ ነው በ2017 ሃርቫርድ የገባችው። ፕሪንስተን ደሞ ከ2009 ጀምሮ የተቀበላቸውን የተወሰኑ ልጆች ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ወደ ሌላ ሀገር ለአገልግሎት የሚልክበት ፕሮግራም አለው። ይሄን የምነግሮት ልጅዎ ሃርቫርድ ስለገባች አይደለም፣ ለባለቤትዎ እንዲነግሯቸው ነው፣ ጎበዝ ልጅም ይሄን ታረጋለች፣ የሰነፍ ነገር አይደለም።

የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ልጅቷ ራሷ፣ እናንተ ሳትሆኑ፣ ለአድሚሽን ኦፊሱ ትጽፋለች። መምጣት እንደምትፈልግና ቦታውን እንደተቀበለች፣ ለምን አንድ አመት እንደፈለገች፣ ያን አመት ምን ምን እንደምትሰራበት ከወር እስከ ወር ትጽፋለች። ዝም ብሎ ማረፍ ፈልጌ ነው የሚል ደብዳቤ ደካማ ነው፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ እሰራለሁ፣ ከጥር እስከ ግንቦት አዲስ አበባ ከአያቴ ጋር ሆኜ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እማራለሁ፣ በሳምንት ይሄን ያህል ቀን እዚህ ቦታ አገለግላለሁ የሚል ደብዳቤ ጠንካራ ነው። ማብቂያ ቀኑ እንደየኮሌጁ ይለያያል፣ አንዳንዱ ጋ ግንቦት ነው አንዳንዱ ጋ ሰኔና ሐምሌ፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ድረገጻቸውን አይታ ካጣችው ደውላ ትጠይቅ። ዲፖዚት ከፍላችኋል፣ ጥሩ ነው፣ አብዛኞቹ ቦታውን ለማቆየት እሱን ይፈልጋሉ። ትልቁ አደጋ ምንም ሳይሉ መቅረት ነው፣ ኦገስት ላይ ሳትመጣ ብትቀር ቦታው ይሰረዝና በሚቀጥለው አመት እንደ አዲስ ማመልከት ነው የሚሆነው፣ ባለቤትዎ የሚፈሩት ነገር በእውነት የሚደርሰው በዛ መንገድ ነው።

ደብዳቤውን ስትልክ አብራ፣ ወይ ለፋይናንሻል ኤይድ ኦፊሱ ለብቻው፣ የሚከተለውን ትጠይቅ። 14,000ው ለሚቀጥለው አመት ይቆያል ወይ፣ ከቆየስ ለአራቱም አመት ነው ወይ። ዲፈር ባረገችበት አመት ክላስ መውሰድ ትችላለች ወይ። በገቢ የሚሰጠው እርዳታ መቼ እንደገና ይሰራል፣ ፋፍሳው ብቻ ይበቃል ወይስ አንዳንድ ኮሌጆች የሚጠይቁትን ሌላውን የእርዳታ ፎርም፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይሉንም፣ እንደገና ትሞላለች። መልሱ በስልክ ከሆነ «አመሰግናለሁ፣ ይሄንኑ በኢሜል ቢልኩልኝ» ትበል፣ በስልክ እሺ ያለው ሰውዬ በሚቀጥለው አመት እዛ ቢሮ ላይኖር ይችላል። ከማህበር ወይ ከቤተክርስቲያን ወይ ከሌላ ቦታ ያገኘችው ትንሽ ስኮላርሺፕ ካለ ደሞ ለየብቻቸው ትጠይቅ፣ ብዙዎቹ አይጠብቁም።

ክላሱን የጠቀስኩት የእህትዎን ምክር አስቤ ነው። እህትዎ ለልጅዎ አስበው ነው፣ ግን እዚህ ጋ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ይጎዳል። ብዙ ኮሌጆች ዲፈር ያረገ ልጅ በዛ አመት ሌላ ቦታ ተመዝግቦ ክሬዲት እንዲወስድ አይፈቅዱም፣ ከወሰደች አንደኛ አመት መሆኗ ቀርቶ ትራንስፈር ተማሪ ናት ይላሉ፣ ያኔ የተሰጣት ቦታም ለአዲስ ተማሪ የተሰጠው ስኮላርሺፕም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሞንጎመሪ ኮሌጅ በራሱ በጣም ጥሩ መንገድ ነው፣ እዛ ጀምረው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ትልቅ ቦታ የደረሱ ልጆች ሞልተዋል፣ ብሩም በጣም ይቀላል። ግን ያ ሌላ ውሳኔ ነው፣ ከዲፈር ጋር ሲደባለቅ ነው ችግሩ። ክሬዲት የሌለው ነገር፣ የአማርኛ ትምህርት፣ የሲፒአር ኮርስ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ይሄ ሁሉ ይቻላል።

ፋፍሳ ለአንድ አመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ዲፈር ካረገች ለ2027-28 እንደገና ትሞላለች፣ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ የሚያየው የ2025 ታክሳችሁን ነው። በ2025 ባለቤትዎ እስከ ህዳር ሰርተዋል፣ ስለዚህ ያኛውም ወረቀት ትክክለኛ ኑሯችሁን አያሳይም፣ ያን ይታይልኝ የሚለውን ጥያቄ በሚቀጥለው አመትም መጠየቅ አለባችሁ። ፔል ግራንት (መንግስት ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ) የምታገኝ ከሆነ ለዘንድሮ የተሰጣት አይቆይላትም፣ በአዲሱ ፋፍሳ እንደገና ይሰላል፣ ትልቁ መጠን በአመት 7,395 ዶላር ነው። እሷ በዚህ አመት ሰርታ የምታገኘው ገንዘብ ደሞ ወዲያው አይታይም፣ የ2026 ገቢዋ የሚታየው በ2028-29 ፋፍሳ ላይ ነው፣ እና ከ11,000 ምናምን ዶላር በላይ ያለው ግማሹ ይቆጠርባታል። ስለዚህ ሁለተኛ አመቷን ስትጀምር እርዳታው ቢቀንስ እንዳትደነግጡ። በስሟ ባንክ የምታስቀምጠውም 20 ፐርሰንቱ ይቆጠራል፣ በወላጅ ስም ያለው ግን ከ6 ፐርሰንት በታች ነው የሚቆጠረው። ይሄን ብዙ ሰው አይናገረውም።

አዲስ አበባ ከሄደች ቢጫ ካርድ አውጡላት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ማለቴ ነው፣ በየጊዜው ቪዛ ከማደስ ያድናታል። የናንተ ኢንሹራንስ ላይ እስከ 26 አመቷ መቆየት ትችላለች፣ ትምህርት ላይ ሆነች አልሆነች ለውጥ የለውም፣ ግን አብዛኛው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኢትዮጵያ ድረስ ስለማይሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል። እና ስድስት ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ሆና ስልክ እንዳታይ፣ ከመሄዷ በፊት ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት ቦታ ይኑራት፣ የሰፈር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማርም ይሁን ክሊኒክ ማገዝም ይሁን። አያቷ ጋ መቀመጡ ብቻውንም ትልቅ ነገር ነው፣ እማማ በህይወት እያሉ ቋንቋውን ከሳቸው አፍ መስማት በኋላ በምንም ብር አይገዛም፣ ይሄን ስጽፍ ውስጤ እየተነካ ነው የምጽፈው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ፍርሀታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ያለ እቅድ ትንሽ ልስራ ብሎ አቁሞ አመቱ ሁለት ሶስት የሆነበት ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፣ ደሞዝ መልመድ ቀላል አይደለም። ግን እሳቸውም ካሰቡት በኛ ሀገር ትምህርትን አቋርጦ መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ አመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ግዴታ አድርጎ ነበር፣ ብዙዎቹ መምህር ሆነው ነው ያሳለፉት። በ1967 ዓ.ም. ታህሳስ ደሞ የእድገት በህብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲውና 11ኛና 12ኛ ክፍሎች ተዘግተው ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ዘመተ፣ ያ እንግዲህ በፈቃድ አልነበረም፣ ብዙ መከራም ነበረው፣ ግን ከዛ ተመልሰው ተምረው ዶክተርና ኢንጂነር የሆኑ ዛሬ እዚሁ ዲሲ አካባቢ አሉ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጆችም 18 ሲሞላቸው ሰራዊት ነው የሚገቡት፣ ሴቶቹ ሁለት አመት ገደማ ወንዶቹ ከዛ በላይ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚጀምሩት አብዛኞቹ ከ20 አመት በኋላ ነው፣ ማንም ዘገየሽ አይላቸውም። ለባለቤትዎ በቃል ከምትነግሯቸው ኮሌጁ ቦታሽ ለ2027 ተይዟል ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ ብታሳይዋቸው ይሻላል። እና ልጅቷ ራሷ ታስረዳቸው፣ እርሶ መሀል ሆነው አይሸከሙት። ሌላ ደሞ ያለቀሰችው በሳቸው ምክንያት መሆኑን ቢያውቁ ኩርፊያቸው የሚቀር ይመስለኛል፣ አባት ናቸው፣ ምናልባት «እኔ እወጣዋለሁ አንቺ ሂጂ» የሚለው ቃል ከሳቸው አፍ መውጣት አለበት።

ለሰው ደሞ የገባችበትን ኮሌጅ ስም ይንገሩ፣ በ2027 ትጀምራለች ይበሉ፣ ከዛ በላይ ማብራሪያ የለብዎትም። አዳራሹን አይሰርዙ፣ የምረቃው ድግስ ለ12 አመት ልፋቷ ነው።

እንግዲህ የኔ ሀሳብ በግልጽ ይሄ ነው፦ ገንዘብ ከሆነ የያዛት ኦገስት ላይ ትሂድ፣ እናንተ ደሞ ነገ ጠዋት ፋይናንሻል ኤይድ ኦፊሱ ጋ ደውሉ። ድካምና ናፍቆት ከሆነ፣ ስኮላርሺፑ እንደሚቆይ በጽሁፍ ከመጣ፣ በሙሉ ልብ ይፍቀዱላት። ስኮላርሺፑ አይቆይም ካሉ ግን ሄዳ ጀምራ በሰመር እረፍት አያቷ ጋ ብትሄድ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ 19 አመቴ ነው። አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ ትልቅ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኝ ተቀብሎኛል፣ ለቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጁ ወረቀት አይ-20ም መጥቶልኛል፣ የሴቪሱንም (የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ሲስተም) ክፍያ ከፍያለሁ። የኢንተርቪው ቀጠሮ ግን ያገኘሁት ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። አንድ አመት ላስተላልፍ ወይስ ልጠብቅ? የከፈልኩትስ ይጠፋል? አንድ ደላላ ደሞ ቀጠሮ ላስመጣልህ ብሎ ብዙ ብር ጠይቆኛል።

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ፣ መጀመሪያ ደላላውን ተወው፣ ቀጠሮ የሚያዘው በኤምባሲው ሲስተም ላይ ብቻ ነው፣ ብርህን ሰጥተህ ፓስፖርትህን ጭምር ልታጣ ትችላለህ። ቀጠሮውን ያዘው፣ አትሰርዘው፣ ሲስተሙ ላይ ቶሎ እንዲያዩህ የሚጠየቅበት ቦታ ካለ ደሞ የትምህርት መጀመሪያ ቀንህን ጠቅሰህ ጠይቅ።

ከዛ ዛሬውኑ ለኮሌጁ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ ጻፍ። የምትጠይቀው ዘግይቶ መድረስ እስከ ስንት ቀን ይፈቀዳል፣ ካልደረስኩ በጥር መጀመር ይቻላል ወይ፣ እሱም ካልሆነ ለሚቀጥለው አመት ዲፈር ባረግ ስኮላርሺፑ ይቆይልኛል ወይ የሚለውን ነው። በጥር መጀመርን ብዙ ልጅ አያስበውም፣ አንዳንድ ቦታ ይፈቅዳሉ፣ ግን ስኮላርሺፑ ለፎል ብቻ የሆነበትም ኮሌጅ አለ፣ ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት በኢሜል አስረግጠህ ያዝ። ዋናው ነገር ይሄን ሁሉ አይ-20ው ላይ ካለው የመጀመሪያ ቀን በፊት ማረግህ ነው፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ፋይልህን ማስተካከል ይከብዳቸዋል። እነሱ ሲስተሙ ላይ የመጀመሪያ ቀንህን ገፍተው አዲስ አይ-20 ይልኩልሃል፣ ለኢንተርቪው ይዘህ የምትገባው አዲሱን ነው። የከፈልከው 350 ዶላር የሴቪስ ቁጥርህ እዛው ከሆነ አብሮ ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ከተቀየረ ደሞ ወደ አዲሱ እንዲዛወርልህ ጠይቅ። የባንክ ስቴትመንትና የስፖንሰር ወረቀት ግን እንደገና አዲስ ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ስፖንሰርህን ከአሁኑ አስጠንቅቀው።

ብቻህን የደረሰብህ እንዳይመስልህ። በ2025 ግንቦት መጨረሻ አሜሪካ በአለም ዙሪያ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት አቁማ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው የተከፈተው፣ ያን ጊዜ ብዙ ልጅ ሳይደርስ ቀርቶ አስተላልፏል፣ ኮሌጆቹ ይሄን በደንብ ያውቁታል።

ለኢትዮጵያውያን ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ ከ2025 ሐምሌ ጀምሮ ኤምባሲው የሚሰጠው አብዛኛው ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ ቪዛው ከተመታልህ በኋላ አንድ አመት ላስተላልፍ ብትል ያ ቪዛ ይቃጠላል፣ እንደገና ኢንተርቪው ነው። ዲፈር ካረግክ ኢንተርቪውህንም ከአዲሱ ቀን ጋር አስተካክለው። የተማሪ ቪዛ ይዘህ መግባት የምትችለው ትምህርት ከመጀመሩ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ መሆኑንም አትርሳ፣ ቪዛው ተመትቶ ቀድመህ ቲኬት ብትቆርጥ አያስገቡህም።

በአመቱ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ልመዝገብ ካልክ መጀመሪያ ለአሜሪካው ኮሌጅ ንገራቸው። አዲስ ተማሪ ነህ ብለው የሰጡህ ስኮላርሺፕ ሌላ ቦታ ክሬዲት ከወሰድክ ሊነሳ ይችላል። ስራ፣ የኮምፒውተር ኮርስ፣ እንግሊዝኛህን ማጠንከር፣ እነዚህ ችግር የላቸውም፣ ኢንተርቪው ላይም አመቱን ምን ሰራህበት ሲሉህ ያለማመንታት የምትመልሰው ነገር ይኖርሃል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ሚኒስቴር ሩቅ ዩኒቨርሲቲ መድቦኛል። እናቴ ታማለች፣ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። ዘንድሮ ሳልሄድ ብቀርና በሚቀጥለው አመት ብገባ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ። 12ኛ ክፍልን ማለፍ በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ፣ በ2016 ደሞ 5.4 ፐርሰንት፣ እንዲህ የተገኘ ምደባ በዝምታ መጥፋት የለበትም። ሳይመዘገቡ መቅረትና ተመዝግቦ ዊዝድሮው፣ የማቋረጫ ፎርሙን፣ ሞልቶ መውጣት በጣም የተለያየ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ ዩኒቨርሲቲው አያውቅሽም፣ ሁለተኛው ላይ የሱ ተማሪ ሆነሽ ነው የምትወጪው፣ ለመመለስ የምትይዢውም እሱን ነው።

ስለዚህ በጥሪው ቀን እናትሽን የሚያስታምምልሽ ዘመድ ፈልገሽ ሄደሽ ተመዝገቢ። የእናትሽን የሀኪም ማስረጃ ማህተም ያለበትን ይዘሽ ሂጂ፣ ብቸኛ ልጅ መሆንሽን ከቀበሌ የሚያስረዳ ደብዳቤም ካገኘሽ ጥሩ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ ገብተሽ ጉዳይሽን አስረጂ፣ የመጀመሪያ አመት ተማሪ በምን ሁኔታ ማቋረጥ እንደሚችልና መቼ ሪአድሚሽን (እንደገና መግባት) እንደሚጠይቅ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ህግ ላይ ስላለ ቀኖቹን ከነሱ አስጽፊ። ከማቋረጥሽ በፊት ደሞ ወደ ቤትሽ ቅርብ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ በህመም ምክንያት መዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ ከተቻለ አመቱም አይሄድብሽም እናትሽም ብቻዋን አትቀርም። ካልሆነና ዊዝድሮው ከሞላሽ ግን የተፈረመበትንና ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ሳትቀበዪ ከግቢው እንዳትወጪ፣ ፎቶ አንስተሽም ለዘመድ ላኪው፣ በሚቀጥለው አመት ስትመለሺ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።